ታብሌት ከመላካችን በፊት

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የጻፍኩት፤ ቡናችሁን ያዙና አንብቡ።

የተማርንበትን ትምህርት ቤት ለመርዳት በተሰባሰብንበት ግሩፕ ላይ "መቶ ታብሌት ገዝተን እንላክ" የሚለው ሐሳብ ሰሞኑን እየገፋ መጥቷል። ገንዘቡ ተዋጥቷል፣ ድምፅ ለመስጠት የቀረን ጥቂት ቀን ነው። አንድ ወንድማችን ደግሞ "በዚህ ዘመን መምህር ምን ያደርጋል? ልጁ ታብሌት ይያዝ እንጂ ዩቲዩብና ኤአይ ያስተምሩታል" ብሎ ጻፈ። ብዙ ሰው ላይክ አደረገው። እኔ አላደረግኩም። ለምን እንዳላደረግኩ ላስረዳ።

አቋሜ አጭር ነው። ከሩቅ ማስተማር ይቻላል፤ ያለ መምህር ማስተማር ግን አይቻልም። ሁለቱን አንድ አድርገን ካየናቸው ገንዘባችን ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ አቧራ ይጠጣል።

"ታክሲ ነጂ ስለ ትምህርት ምን አገባው?" የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ መሪ ከመያዜ በፊት አገር ቤት የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ነበርኩ። በዚያ ሙያ መጀመሪያ ከሚማሩት ነገር አንዱ ይህ ነው፦ አንዳንድ መሣሪያ ያዘዝከውን ያደርጋል፣ ውጤቱን ግን አያይም። ሌላው ውጤቱን እያየ ራሱን ያርማል። የእንጀራ ምጣድን አስቡት። ሊጡን አዙረህ ሰዓት ብቻ እየቆጠርክ ብታወጣው አንዱ ጥሬ፣ ሌላው እርር ይላል። እናቶቻችን ግን ዓይን ዓይኑን አይተው ነው አክንባሎውን የሚደፉት። ማስተማርም እንደዚሁ ነው። መምህር ማለት የልጁን ፊት አይቶ "ይሄ አልገባህም፣ እንደገና እንየው" የሚል ሰው ነው። ይህን የሚያደርግ ሰው ከሌለ የቀረው ስርጭት ነው።

አገራችን ይህን ሞክራው አይታዋለች። በ1996 ዓ.ም.፣ በፈረንጅ 2004 ማለት ነው፣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ፕላዝማ ገባ። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተዘጋጀ ትምህርት ከአዲስ አበባ በሳተላይት በእንግሊዝኛ ይሰራጫል። ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ፣ እንግሊዝኛ፣ ሲቪክስ። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። ላቦራቶሪ አይቶ የማያውቅ የገጠር ልጅ ሙከራ ሲሠራ በስክሪን ማየቱ ትልቅ ነገር ነው። ይህን አልክድም።

ግን እንዴት ይሠራ እንደነበር አስታውሱ። ከ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ አብዛኛውን የሚወስደው ስክሪኑ ነው። መምህሩ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ትሰጠዋለች። ስክሪኑ ጥያቄ ይጠይቃል፣ ጥቂት ሴኮንድ ይጠብቃል፣ ራሱ ይመልሳል፣ ያልፋል። ስርጭቱ ከማዕከል በሰዓቱ የሚለቀቅ ስለሆነ ማቆም የለም፣ ወደ ኋላ መመለስ የለም። መብራት ከጠፋ ትምህርቱ አለፈህ፤ ነገ የሚመጣው የነገው ነው። ታናሽ እህቴ ዘጠነኛ ክፍል የገባችው ያኔ ነበር። "ጋሼ፣ እኔ አርእስቱን ጽፌ ሳልጨርስ ሰውዬው ምዕራፉን ይጨርሳል" ትለኝ ነበር። መምህሩስ? ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ የተማረ ሰው ሥራው ቴሌቪዥን ማብራትና ማጥፋት ሆነ። ተማሪው ፊት እንግዳ ሆኖ እጁን አጣምሮ ቆመ።

ከዚያ በፊት የነበረውን የትምህርት ሬዲዮ ደግሞ የኛ ዕድሜ ሰው ያስታውሳል። ሬዲዮው ከመጀመሩ በፊት መምህራችን አዲሶቹን ቃላት ጥቁር ሰሌዳ ላይ ይጽፉልን ነበር። ሲያልቅ ደግሞ እየዞሩ ይጠይቁናል። ዕቃው ከፕላዝማው ያነሰ ነበር፤ ነገር ግን መምህሩን ከቦታው አላስነሳውም። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው።

"ያ የድሮ ቴክኖሎጂ ነው፣ ታብሌት ግን በልጁ እጅ ነው፣ ያቆመዋል፣ ይደግመዋል" ትሉኝ ይሆናል። እሱም ተሞክሯል፤ ያውም እኛው አገር። በ2012 (እ.ኤ.አ.) "ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ላፕቶፕ" የተባለው ድርጅት ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ ባሉ ሁለት መንደሮች፣ ፊደል ያልቆጠሩ ልጆች ላሉበት ቦታ፣ የታሸገ ታብሌት ያለ መምህርና ያለ መመሪያ ሰጠ። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ ውጤቱን ሲናገሩ ዓለም ጉድ አለ። አንድ ልጅ በ4 ደቂቃ ውስጥ ማብሪያውን አገኘ፣ በ2 ሳምንት የእንግሊዝኛ ፊደል መዝሙር መዘመር ጀመሩ፣ በ5 ወር ደግሞ የተዘጋውን ካሜራ ሰብረው ከፈቱት ተባለ። እኛም "የኢትዮጵያ ልጅ ጎበዝ ነው" እያልን ሼር አደረግን።

ጎበዝ መሆኑንማ ማን ይጠራጠራል? ጥያቄዬ ሌላ ነው። ማብሪያ ማግኘት፣ መዝሙር መያዝ፣ ካሜራ መክፈት፣ እነዚህን ልጅ በራሱ ይደርስባቸዋል። ክፍልፋይ መደመርን፣ አንቀጽ መጻፍን፣ የኒውተንን ሕግ ግን በመነካካት አይደረስባቸውም። ደግሞ እዚያም ቢሆን ሰው ነበረ። አዋቂዎች በፀሐይ ኃይል ቻርጅ ማድረግን ተምረዋል፣ ባለሙያ በየሳምንቱ እየሄደ ሚሞሪ ካርድ ይቀይር ነበር። ለታብሌቱ ጎብኚ ተመደበለት፣ ለልጁ ግን መምህር አልተመደበለትም። ይኸው ድርጅት ላፕቶፕ በብዛት ካስገባባቸው አገሮች አንዷ ፔሩ ናት። እዚያ 319 የገጠር ትምህርት ቤቶች ላይ የተደረገ ጥናት በ2012 ሲወጣ በሒሳብና በቋንቋ ፈተና ላይ የታየ መሻሻል የለም ብሏል። ኮምፒውተሩ ደርሷል፣ ልጆቹም ኮምፒውተር መጠቀም ለምደዋል። ሒሳቡ ግን እዚያው ቆመ።

"የድሃ አገር ነገር ስለሆነ ነው" የሚል ካለ እዚሁ ደጃችንን ይመልከት። ማርች 2020 ላይ የሜሪላንድ ትምህርት ቤቶች በኮሮና ሲዘጉ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ምን ጎደለው? ለልጆቻችን ክሮምቡክ ታደለ፣ ኢንተርኔት ለሌለው መሣሪያ ተሰጠ፣ ለወላጅ የሚላከው ማስታወቂያ እንኳ በአማርኛ ይመጣልን ነበር። መምህራኑም የሠለጠኑ ናቸው። ልጆቹ ቀስ በቀስ መመለስ የጀመሩት ከአንድ ዓመት ገደማ በኋላ ነው። በዚያ ዓመት የኔ ቢጤ ወላጅ ከሥራ ሲገባ የሚያየው ካሜራ ዘግቶ ብርድ ልብስ ውስጥ የተኛ ልጅ ነው። በ2022 የወጣው አገር አቀፍ ፈተና በሒሳብ ስምንተኛ ክፍል ከ2019 በ8 ነጥብ፣ አራተኛ ክፍል በ5 ነጥብ መውረዱን አሳየ። በሒሳብ እንዲህ ያለ መውረድ ከዚያ በፊት ታይቶ አይታወቅም። ካውንቲው በኦንላይን ለሚሻላቸው ልጆች ራሱን የቻለ ቨርቹዋል አካዳሚ ከፍቶ ነበር፤ እሱም በ2024 የበጀት ነገር ሆኖ ተዘጋ። ሀብታሙ ካውንቲ ያልቻለውን እኛ በመቶ ታብሌት ልንችለው ነው?

እስካሁን ያልኩትን ሰምቶ "ይሄ ሰው የቴክኖሎጂ ጠላት ነው" የሚል ካለ አልሰማኝም። ከዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ጥሩ ነገር ወጥቷል። እሱን ያመጡት ግን መምህራኑ ራሳቸው ናቸው።

በ2020 አገር ቤት ትምህርት ሲዘጋ 26 ሚሊዮን ያህል ተማሪ ቤቱ ተቀመጠ። መንግሥት ሬዲዮና ቴሌቪዥን ላይ ትምህርት ለቀቀ። ከተማ ውስጥ ያሉ መምህራን ግን ማንም ሳያሠለጥናቸው ሌላ መንገድ አገኙ፤ ቴሌግራም። ማስታወሻውን ፎቶ አንስተው ይልካሉ። ከባዱን ነገር በድምፅ ያስረዳሉ፤ ድምፅ ብዙ ዳታ አይበላም፣ ልጁም አሥር ጊዜ ይደግመዋል። ልጁ የሠራውን ከደብተሩ ላይ በእናቱ ስልክ ፎቶ አንስቶ ይመልሳል፣ መምህሩ አርሞ "ሦስተኛው መስመር ላይ ተሳስተሃል" ብሎ ይልክለታል። ዋጋው የዳታ ካርድ ነው። ልብ በሉ፣ እዚህ ውስጥ ምጣዱን የሚያይ ዓይን አለ። ዛሬ ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና የሚዘጋጅ ልጅ ጥያቄና ማብራሪያ የሚያገኝባቸው የቴሌግራም ቻናሎች ብዙዎቹ የመምህራን ሥራ ናቸው።

ሌላም ላንሳ። እዚህ አካባቢ ብዙዎቻችን ቅዳሜ ጠዋት ልጆቻችንን አማርኛ የምናስተምረው አዲስ አበባ ባሉ መምህራን በዙም ነው። እዚህ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ሲሆን እዚያ እየመሸ ነው። የልጆቼን መምህርት አንድ ቀን አመስግኜ ስናወራ፣ ድሮ በፕላዝማ ዘመን ሁለተኛ ደረጃ ያስተምሩ እንደነበር ነገሩኝ። "ያኔና አሁን ምን ለየው መምህርት? ሁለቱም ስክሪን ነው" አልኳቸው። "ያኔ እኔም ተመልካች ነበርኩ ወንድሜ። አሁን ግን ልጆቹ ዝም ሲሉኝ ገብቷቸው ይሁን ጠፍቷቸው ስለማላውቅ፣ 'ሀ'ን ወረቀት ላይ ጽፈው ወደ ካሜራው እንዲያነሱ አደርጋለሁ። ከአራት ልጅ በላይ አልቀበልም፤ ከዚያ ካለፈ ፊታቸው አይታየኝም" አሉኝ። እንግዲህ የርቀት ትምህርት እንዴት እንደሚሠራ በሁለት ዓረፍተ ነገር የነገሩኝ እኚህ ሴት ናቸው። ከፕላዝማ ተረፈው፣ ኮሮናን አልፈው፣ መብራት ሲጠፋ በስልክ ባትሪ እያስተማሩ የደረሱበት ነው።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ ልምጣ።

"የአገር ቤት መምህር ራሱ አያውቅም፣ ፈተናውን አላያችሁም?" ትላላችሁ። አየን እንጂ። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት 50 በመቶ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በቀጣዩ ዓመት 3.2፣ በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ ነበሩ። ያሳፍራል። ግን ስትደክም ብርታት የሚሆንህን ሰው ታባርራለህ ወይስ ታግዛለህ? ሜክሲኮ መምህር ለማይደርስባቸው የገጠር ልጆች ከ1968 ጀምሮ በቴሌቪዥን ሁለተኛ ደረጃ ስታስተምር ክፍሉ ውስጥ መምህር አላስቀረችም። ቴሌቪዥኑ ይናገራል፣ መምህሩ ከልጆቹ ጋር ይሠራል። ያልጠነከረ መምህር የተቀዳ ጥሩ ትምህርት ማታ ቤቱ አይቶ ተዘጋጅቶ ቢገባ፣ ክፍል ውስጥም ራሱ እያቆመና እየተረጎመ ቢያሳየው፣ ያው ስክሪን የሱ መሣሪያ ሆነ ማለት ነው።

"ኤአይ ሁሉን ይመልሳል።" ኔትወርክ ሲኖር። ትግራይ ውስጥ ልጆች ለሦስት ዓመት ገደማ ከትምህርት ቤት ውጭ ሆነው ነበር። አማራ ክልል ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ከርሟል፣ ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቷል። በ2020 ክረምት፣ ልጆች ቤት ተቀምጠው በስልክ እየተማሩ ባሉበት ጊዜ፣ ኢንተርኔቱ በመላ አገሪቱ ለሳምንታት ጠፍቶ ነበር። መቀነቻው በሌላ ሰው እጅ ባለ ነገር ላይ የልጆችን ትምህርት ሙሉ ለሙሉ መጣል ኃላፊነት የጎደለው ሥራ ነው። መምህሩ ግን ኔትወርክ ሲኖርም፣ ሲጠፋም እዚያው መንደር ነው።

ስለዚህ ድምፅ ከመስጠታችን በፊት የምጠይቀው ይህን ነው።

አንደኛ፣ ታብሌቱን ለልጆች በመቶ ከመግዛት ለመምህራን ላፕቶፕ፣ ለትምህርት ቤቱ ሁለት ፕሮጀክተር፣ ትልቅ ባትሪ ከነሶላሩ፣ የተቀዳ ትምህርት የተጫነበት ሃርድ ዲስክ እንግዛ። ማቆሚያው በመምህሩ እጅ ይሁን።

ሁለተኛ፣ ለመምህራኑ የወር ዳታ እንክፈል። ማታ ከተማሪ የሚመጣ ፎቶ የሚያርም መምህር ከገዛ ኪሱ ካርድ እየሞላ ነው። ደመወዙን እናውቀዋለን።

ሦስተኛ፣ እዚህ ያለን መሐንዲስ፣ ነርስ፣ አካውንታንት ሁላችን በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ከአንድ መምህር ጋር በስልክ እንገናኝ። ተማሪውን እናስተምር አላልኩም፤ መምህሩ ያስቸገረውን ነገር አብረን እንይ። እኔ ለፊዚክሱ ቃል ገብቻለሁ፤ ተራ ስጠብቅ ሰዓት አለኝ።

አራተኛ፣ ከሁሉም በፊት እነሱን እንጠይቅ። በዚህ ሁሉ ውይይት፣ በዚህ ሁሉ ላይክና ኮሜንት ውስጥ የትምህርት ቤቱን አንድ መምህር የጠየቀ ሰው አላየሁም። ፊዚክስ የሚያስተምረው ሰውዬ ምን እንደሚፈልግ ሳናውቅ ምን እንደሚያስፈልገው ወስነንለታል። በፕላዝማውም ጊዜ የሆነው ይኸው ነበር፤ ከላይ ተወስኖ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ።

መቶ ታብሌት ከመቶ ፈገግ ያለ ልጅ ጋር ፎቶ ያምራል፣ አውቃለሁ። ለዳታ ካርድ ፎቶ አይነሳም። እኛ ግን ገንዘብ ያዋጣነው ለፎቶው ከሆነ ቁርጡን እንነጋገር። ለልጆቹ ከሆነ ግን የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነውና ድምፁ ለሁለት ሳምንት ይራዘም፣ በዚህ መሃል ሁለት ሰው ተመርጦ ለመምህራኑ ይደውል። አንዱ እኔ ልሁን።

የምትቃወሙኝ ከታች ጻፉልኝ፣ አንድ በአንድ እመልሳለሁ። አገር ቤት የምታስተምሩ ካላችሁ ደግሞ ከሁላችን በፊት የናንተን ቃል ማንበብ እፈልጋለሁ።

ሰላም ዋሉ።