ጓሳን ለማየት፦ ለብቻ ወይስ በቡድን?



የመንዝን ጓሳ ለማየት የሚያስቡ ወዳጆቼ «መኪና ለብቻችን ብንከራይ ይሻላል ወይስ ከሌሎች ጋር በቡድን ብንመጣ?» እያሉ ስለሚጠይቁኝ፣ አሳቤን በአጭሩ እንድገልጽ ይፈቀድልኝ።

ለብቻው የተከራየ ሰው ሲያሻው ይቆማል፣ ሲያሻው ይነሣል፤ ሽማግሌ ወይም ሕፃን ላለው ይህ ትልቅ ዕረፍት ነው። ኪራዩ ግን በአንድ ኪስ ላይ ይወድቃል። አምስት ስድስት ሆነው የሚመጡ ወጪውን ይካፈላሉ። ከዚያ በላይ ሲበዙ ደግሞ ጫጫታው ቀይ ቀበሮውን ያሸሸዋል፤ እኔ ራሴ 40 ተማሪዎች ይዤ ወጥቼ ጅራቱን እንኳ ሳናይ ተመልሰናል።

ከሁሉ የሚበልጠው ጉዳይ ግን ማደሩ ነው። ጓሳ ከአዲስ አበባ 260 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ጭላዳ በገደል አድሮ ጠዋት ወደ ሜዳው ይወጣል፤ ለደርሶ መልስ የሚቸኩል እንግዳ ይህን አያይም፤ ለአገሬውም ከአቧራ በቀር የሚተውለት የለም። አባቶቻችን የጓሳውን ሣር ለብዙ ዘመን በሥርዓት ከልለው ጠበቁት፤ ያ ሥርዓት በ1967 ዓ.ም. በመሬት አዋጅ ፈረሰ፤ ሕዝቡ ግን ጥበቃውን እንደገና አቆመው። ዛሬም ለቤቱ ክዳን ሣር የቸገረው ገበሬ ማጭዱን የሚታገሠው ከጥበቃው አንዳች ጥቅም ሲያገኝ ነው።

ስለዚህ መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ ጥቂት ሆናችሁ ኑ፤ የአገሩን ልጅ መሪ አድርጉ፤ እደሩም።

አንድ መምህር
ከመንዝ