ወደ አዲስ አበባ ሊኖር የሚመጣ ሰው አስቀድሞ ሊቈጥረው ስለሚገባ ሒሳብ

ሰው የተወለደበትን አገር ለቆ እንጀራውን ወደሚያገኝበት ስፍራ መሄዱ ከጥንት የነበረ ነገር ነው እንጂ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። ገበሬ መሬቱ ሲጠበው፥ ነጋዴ ገበያው ሲቀዘቅዝበት፥ ተማሪም የጀመረውን ትምህርት የሚያስፈጽመው መምህር በአቅራቢያው ሲያጣ ጓዙን ጠቅልሎ ይነሣል። በ1987 ዓ. ም. በሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥትም በ32ኛው አንቀጽ ኢትዮጵያዊ ሁሉ በአገሩ ውስጥ ወደ ወደደው ስፍራ ለመሄድና መኖሪያውን ለመምረጥ ነጻነት ያለው መሆኑን ደንግጓል። ስለዚህ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣውን ሰው ለምን መጣህ ብሎ የሚመልሰው የለም፤ የዚህም ጽሑፍ አሳብ እርሱን ለመከልከል አይደለም። ዳሩ ግን መንገዱ ክፍት መሆኑ ሳይሰናዱ መነሣትን ብልኀት አያደርገውም።

ከየአገሩ የሚመጣው አውቶቡስ በመናኸሪያው ሲቆም፥ ከሚወርዱት ወጣቶች አንዱን ለምን መጣህ ብለው ቢጠይቁት ሥራ ፍለጋ ነው ብሎ ለመመለስ አይዘገይም። ዛሬ ማታ የት ታድራለህ፥ የሚመጣውንስ ወር የት ትከርማለህ ቢሉት ግን ብዙ ጊዜ ዝም ይላል፤ ወይም የአንድ ዘመድ ስም ይጠራል። ያም ዘመድ ምናልባት ከሦስት ሰዎች ጋር በአንዲት ክፍል ደባል ሆኖ የሚኖር ነው። ስሕተቱ ከዚህ ላይ ይጀምራል። ሥራና ቤት ልዩ ልዩ ጉዳዮች መስለውት፥ አስቀድሜ ሥራ ላግኝ እንጂ ቤቱ በኋላ ይገኛል ብሎ ያስባል። በከተማ ግን ሥራና ቤት አንድ ሒሳብ ናቸው፤ ከሁለቱ አንዱን ለይቶ የቈጠረ ሰው ምንም እንዳልቈጠረ ነው።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ. ም. በተቈረቈረች ጊዜ ነገሩ እንዲህ አልነበረም። መኳንንቱና የጦር አለቆቹ ቦታ እየተመሩ ሲሰፍሩ ጭፍራቸውና ሎሌያቸውም በጌታው ግቢ አጠገብ ጎጆውን ይቀልስ ነበር። ደጃች ውቤ ሰፈርና ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ሰፈር የሚባሉት ስሞች እስከ ዛሬ ይህንኑ ይመሰክራሉ። ሥራ የሰጠ ጌታ የሚያድሩበትንም ስፍራ ይሰጥ ነበርና፥ ሥራና ቤት ከአንድ እጅ ይገኙ ነበር። ይህ ሥርዓት ጌታውን ያጣውን ሰው ቤቱንም የሚያሳጣ ስለ ነበር እንዲመለስ የምንመኘው አይደለም። ከዚያ ዘመን የምንማረው ሌላ ነገር ነው። የማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨት በተቸገረ ጊዜ፥ ዳግማዊ ምኒልክ በ1890ዎቹ መናገሻቸውን በስተ ምዕራብ ወዳለችው ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ ጀምረው ነበር፤ የባሕር ዛፍ ተከላ ሲስፋፋ ግን አሳቡ ቀረ። ንጉሥ እንኳ ከተማውን ለማዛወርም ሆነ ላለማዛወር እንጨቱን ከቈጠረ፥ ጥቂት ገንዘብ ያለው ሰው ኑሮውን ሲያዛውር ኪራዩን እንዴት ሳይቈጥር ይነሣል?

ከዚያ ወዲህ ሥራና ቤት ተለያዩ። የምድር ባቡር በ1909 ዓ. ም. አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ ንግዱ እየሰፋ መሥሪያ ቤቱም እየበዛ ሄደ፤ ደመወዝተኛውም ሥራውን ከአንዱ፥ ቤቱን ከሌላው የሚፈልግ ሆነ። በ1967 ዓ. ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ሲያደርግ ኪራዩን ዝቅ አደረገ፤ የቀበሌ ቤት የሚባለውም ከዚያ ተነሥቶ የተገኘ ነው። በ1996 ዓ. ም. ደግሞ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ሥራ ተጀምሮ፥ በ1997 እና በ2005 ዓ. ም. የተመዘገበው ሕዝብ እየቈጠበ ቤቱ በዕጣ እንዲደርሰው ተደረገ። በእነዚህም ብዙ ቤተሰብ ከዝናብና ከፀሐይ ተጠልሏል። ነገር ግን የቀበሌውን ቤት ቀድሞ የገባበት ይዞታል፤ የዕጣውም ቤት ለዓመታት ቈጥቦ ለጠበቀ ነው፥ ከጠበቁትም ውስጥ ዕጣ ሳይወጣላቸው ብዙ ዓመት የቈዩ አሉ። ስለዚህ ትናንት ለመጣው እንግዳ የሚቀረው የግለሰብ ቤት መከራየት ብቻ ነው።

እንግዲህ አንድ ምሳሌ እንቍጠር። በትውልድ ከተማው በወር 6000 ብር እየተቀበለ በአባቱ ቤት የሚኖር ሰው፥ በአዲስ አበባ ግብሩ ተቀንሶ 10000 ብር እንደሚደርሰው ሰምቶ ደስ ብሎት ይነሣል እንበል። በወረቀት ላይ 4000 ብር ትርፍ አግኝቷል። ነገር ግን ለአንዲት ክፍል 5000 ብር ኪራይ፥ ለታክሲና ለአውቶቡስም 1500 ብር ቢከፍል የሚተርፈው 3500 ብር ነው። የሚበላው፥ የሚለብሰው፥ ለወላጆቹም ሊልክ ያሰበው ከዚሁ ላይ ነው። በስም ከፍ ያለው ደመወዝ በእጅ ሲገባ ከቀድሞው አነሰ። ቍጥሩ ለምሳሌ የተሰጠ ስለ ሆነ እያንዳንዱ የራሱን ቍጥር ያግባበት፤ ሥርዓቱ ግን አይለወጥም። ደመወዝ የሚለካው ኪራይና የመንገድ ዋጋ ከተቀነሰለት በኋላ ነው።

ኪራይ ይረክስልኛል ብሎ ወደ ከተማው ዳር የሚሄድ ሰውም ይህንኑ አይርሳ። በቱሉ ዲምቱ ወይም በኮዬ ፈጬ እያደረ በመርካቶ የሚውል ሰው ከኪራዩ ያተረፈውን በመንገድ ይከፍለዋል፤ ገንዘቡን ባይከፍል እንኳ ሌሊት ተነሥቶ በሰልፍ ሲቆም ጊዜውንና ጕልበቱን ይከፍላል። ስለዚህ ቤቱን ከመያዝ በፊት ከዚያ ተነሥቶ በሥራ መግቢያ ሰዓት አንድ ቀን ወደ ሥራው ስፍራ ሄዶ መመልከት ከብዙ ምክር ይበልጣል።

ሕጉንም ማወቅ ይገባል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለአዲስ ሠራተኛ እስከ 60 የሥራ ቀን የሚደርስ የሙከራ ጊዜ ይፈቅዳል፤ በዚህም ጊዜ ሠራተኛው ለሥራው የማይስማማ ሆኖ ከተገኘ አሠሪው ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብተው ይችላል። እንግዲህ ሥራ አገኘሁ ብሎ ሚስቱንና ልጆቹን በአንድ ቀን ይዞ ከመምጣት፥ ራሱ ቀድሞ መጥቶ የሙከራው ጊዜ ሲፈጸም ቢያስመጣቸው ይሻለዋል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላልና። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ደግሞ የኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፥ ዘመኑ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፥ ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፥ አከራዩም በፈለገው ቀን ዋጋ እንዳይጨምር አዝዟል። ይህን የማያውቅ እንግዳ ግን ደላላው የነገረውን እንደ ሕግ ይቀበላል። የስድስት ወር ኪራይ አምጣ ሲሉት በሬውን የሸጠበትን ገንዘብ አውጥቶ ይሰጣል፤ ውልም ሳይጽፍ ይገባል። የማያውቁት ሕግ በሣጥን እንደ ተቈለፈ ጋቢ ነው፤ ብርድ አይከላከልም።

ከአንባቢዎቻችን ብዙዎቹ በልጅነታቸው የቆሎ ተማሪ የነበሩ ናቸው። ደበሎ ለብሶ አኮፋዳ ይዞ ከዜማ ቤት ወደ ቅኔ ቤት፥ ከቅኔ ቤት ወደ መጻሕፍት ቤት አገር ለአገር የሄደ ሰው እንግድነትን ያውቀዋል። ያ ልጅ ራብም ብርድም የመንደር ውሻም ያስቸግረው ነበር። ነገር ግን ወደ ማን እንደሚሄድ ያውቃል። የመምህሩን ስምና የመንደሩን ጠባይ ከቀደሙት ተማሪዎች ጠይቆ ይነሣል፤ ሲደርስም ጎጆ የሚቀልስበትን ስፍራ ያሳዩታል፤ ቍራሽ የሚለምንበትንም ደጅ ይነግሩታል። የሰማው ወሬ ችግሩንም ሳይደብቅ የሚናገር እውነተኛ ወሬ ነበር። ዛሬ ወደ ከተማ የሚመጣው ወጣት ከዚያ ተማሪ ይልቅ ብዙ ገንዘብ ቢይዝ እንኳ፥ የጐደለው ይህ የቀደሙት ሰዎች እውነተኛ ወሬ ነው።

የጐደለበትም ምክንያት የተሰወረ አይደለም። ቀድሞ የመጣው ሰው ችግሩን ለአገሩ ሰዎች መናገር ያፍራል። ለበዓል ወደ ወላጆቹ ሲሄድ ተበድሮ ባማረ ልብስ ይሄዳል፤ የጎረቤት ልጆች ጫማውን ያያሉ፥ የሚያድርበትን ክፍል ግን ያየ የለም። በስልክም ሲጠይቁት ሁሉ ደኅና ነው ይላል። በዚያች ቃል ታናሽ ወንድሙ ትምህርቱን ትቶ ይመጣል፤ ከወንድሙም ጋር በአንዲት ፍራሽ ላይ ሲተኛ እውነቱን ያኔ ያውቃል። ሳይሳካለት መመለስ እንደ ነውር ስለሚቈጠር እርሱም ይቀራል፤ ለሚከተለውም ሁሉ ደኅና ነው ብሎ ይመልሳል። እንዲህ ሆኖ አንዱ ሐሰት ሌላውን ይጠራል። ለወንድም ክፉውንም ደጉንም አስታውቆ ማስመጣት ግን ፍቅር ነው፤ መክሮ ማስቀረትም ጊዜው ሲሆን ፍቅር ነው።

በዚህ ነገር ካህናት ትልቅ ሥራ አላቸው። ወጣቱ ለመንገድ ሲነሣ የነፍስ አባቱን ተሰናብቶ ቡራኬ መቀበሉ ልማድ ነው። የነፍስ አባቱም ከቡራኬው ጋር ሦስት ነገር ቢጠይቁት መልካም ነው፤ ሥራውን ማን ሰጠህ፥ የት ታድራለህ፥ ባይሳካልህ የመመለሻ ስንቅ ይዘሃልን? ለወላጆችም ከከተማ የተመለሰ ልጅ የተዋረደ ልጅ እንዳይደለ ያስተምሩ። መመለሻው የታወቀለት ሰው በረንዳ ላይ አያድርም።

የመንግሥት ሹማምንትም ድርሻቸው ከዚህ አያንስም። የኪራዩ አዋጅና የሠራተኛው አዋጅ ዋና ዋና ቃላቸው በቀላል አነጋገር ተጽፎ በመናኸሪያውና በወረዳው ጽሕፈት ቤት በር ላይ ቢለጠፍ የሚያስወጣው ወጪ ጥቂት ነው፤ የሚያድነው ገንዘብ ግን ብዙ ነው። ነዋሪው ከነበረበት ወረዳ የሚወስደው መሸኛ፥ በአዲሱም ወረዳ የሚጠብቀው መታወቂያ ዛሬ ነገ እየተባለ በዘገየ ቍጥር፥ መታወቂያ የሚያስፈልገው ጉዳይ ሁሉ አብሮ ይቆማል። ባለጉዳዩም ያለ ውል በደላላ እጅ ይወድቃል። ሠራተኛውን ከአንድ ከተማ ወደ ሌላው የሚያዛውር መሥሪያ ቤት ደግሞ ቤት ፈልጎ ልጆቹንም ወደ ትምህርት ቤት የሚያስገባበት ቀን ይስጠው፤ ቅዳሜ የዝውውር ደብዳቤ ሰጥቶ ሰኞ በሥራህ ላይ ተገኝ ማለት ሰውን እንደ ዕቃ መቍጠር ነው። አሠሪዎችም በሥራ ማስታወቂያቸው ላይ ደመወዙንና የሥራውን ስፍራ ለይተው ይጻፉ፤ በስምምነት የሚለው ቃል ከሩቅ ለሚመጣ ሰው ምንም አይነግረውምና።

ከተማ የሚያድገው በሚመጣው ሰው እጅ ነው። ቤቱን የሠራው፥ ገበያውን የሞላው፥ በዕድርም ተሰብስቦ የሞተውን የቀበረው ከየአገሩ የመጣው እንግዳ ነው። ስለዚህ የሚመጣው ሰው ከመነሣቱ በፊት ይቍጠር፤ ቀድሞ የመጣው እውነቱን ይንገረው፤ ካህኑም ይጠይቀው፤ ሹሙም ጉዳዩን ሳያጕላላ ይፈጽምለት። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፥ ይህ ሁሉ መደረግ ያለበት ወጣቱ አውቶቡሱ ላይ ከመሳፈሩ በፊት ነው።