ፋና ወጊዎቹ የነርቭ ሕዋሳት

እ.ኤ.አ. በ2019 እና በ2020 የበረሃ አንበጣ መንጋ ሀገራችንን በወረረ ጊዜ ሁላችንም «እንዴት እናጥፋው?» ብለን ጠየቅን። የገበሬው አዝመራ ዓይኑ እያየ ሲወድም ሌላ መጠየቅም አይቻልም። ይሁን እንጂ አንበጣና የቅርብ ዘመዶቹ ሌላ ታላቅ ጥያቄ ለመመርመር ለረጅም ዘመን አገልግለዋል፤ ይኸውም የነርቭ መስመር በፅንስ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚዘረጋው እንዴት ነው? የሚለው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1976 ማይክል ቤት የተባሉ ተመራማሪ፣ ሌላ ነርቭ ገና ባልደረሰበት የአንበጣ ፅንስ አካል ውስጥ አስቀድመው አክሰን የሚዘረጉ ጥቂት ሕዋሳት መኖራቸውን አሳዩ። እኛ ፋና ወጊዎች እንላቸዋለን። በፌንጣ ፅንስ እያንዳንዱ እግር ውስጥ ከቅልጥሙ ተነሥተው ወደ ማዕከላዊው የነርቭ ሥርዓት የሚያመሩት ሁለት ብቻ ናቸው። የአክሰናቸው ጫፍ ጣት በመሰሉ ቀጫጭን ክሮች ዙሪያውን እየዳሰሰ ከአንዱ መንገድ ጠቋሚ ሕዋስ ወደ ሌላው ይሻገራል። እ.ኤ.አ. በ1983 ቤንትሌይና ኮዲ ጠቋሚ ሕዋሳቱን ለይተው ሲገድሉ አክሰኖቹ አቅጣጫቸውን ሳቱ።

በአንጎልም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። የነፍሳት አንጎል ግራና ቀኝ ክፍሎች በመጀመሪያ የተለያዩ ሲሆኑ፣ ፋና ወጊ አክሰኖች በመካከል ባሉ ሕዋሳት ላይ ተሻግረው ያገናኟቸዋል፤ ሌሎቹም ዱካቸውን ይከተላሉ።

እኛን የፊዚክስ መምህራን የሚያስደንቀን የጊዜው ምርጫ ነው። መንገዱ የሚቀየሰው ፅንሱ እጅግ ትንሽ ሳለ ነው። በፈሳሽ ውስጥ የሚሰራጭ ሞለኪውል የሚጓዘው ርቀት አሥር እጥፍ ቢጨምር የሚፈጅበት ጊዜ መቶ እጥፍ ያድጋል። ክሮቹም ቢሆኑ ሩቅ አይደርሱም። ስለዚህ መስመሩ ርቀቱ አጭር ሳለ ይዘረጋና ከአካሉ ጋር አብሮ ይረዝማል። እ.ኤ.አ. በ1989 በታተመ ጥናት ሁለቱ ፋና ወጊዎች እንዳይፈጠሩ በተደረጉባቸው እግሮች ውስጥ፣ ዘግይተው የመጡት አክሰኖች ማዕከሉ ጋ መድረስ ተሳናቸው። የሚገርመው፣ ፋና ወጊዎቹ ራሳቸው ሥራቸውን ከፈጸሙ በኋላ ፅንሱ ሳይፈለፈል ይሞታሉ። አድጎ በሚበርረው አንበጣ ውስጥ ብንፈልጋቸው አናገኛቸውም።

እ.ኤ.አ. በ2024 የአዋቂ የፍራፍሬ ዝንብ አንጎል ሙሉ የግንኙነት ካርታ ታትሟል፤ ወደ 140,000 የሚጠጉ የነርቭ ሕዋሳትና ከ50 ሚሊዮን በላይ ግንኙነቶች ተመዝግበውበታል። ከእንግዲህ የቀረው በኮምፒውተር ማስላት ብቻ ነው የሚሉ አሉ። እኛ በዚህ አንስማማም። ያለቀ ካርታ መንገዱን እንጂ መንገድ ቀያሹን አያሳይም፤ ቀያሹ የሞተ ከሆነ ደግሞ ጨርሶ አያሳይም። እርሱን ለማግኘት ወደ ፅንሱ መመለስ ግድ ነው።

ለዚህ ምርምር መግቢያ የሚሆን ነገር በእጃችን አለ። የሜዳ ፌንጣ እንቁላሉን የሚጥለው በአፈር ውስጥ ነው፤ ፅንሱንም በተራ ማይክሮስኮፕ ማየት ይቻላል። የጎደለን ትብብር ነው። የፊዚክስ ተማሪያችን የሥርጭትን ሕግ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ያወጣል፤ ሕጉ በሕያው ፅንስ ውስጥ ሲሠራ ግን አያይም። የባዮሎጂ ተማሪያችን ፅንሱን ይሥላል፤ ርቀቱንና ጊዜውን ግን አያሰላም። ሁለቱ በአንድ የመመረቂያ ጥናት፣ በአንድ ማይክሮስኮፕ ፊት እንዲቀመጡ የትምህርት ክፍሎቻችን ይፍቀዱ እንላለን። መንገዱ ቀላል የሚሆነው ርቀቱ ሳይሰፋ ሲጀመር ነውና።