«ስታገቢ ይጠፋል» የተባለው ብጉር

በዛሬው አምዳችን ብዙ ሰው እንደ ሕመም ስለማይቆጥረው፣ ነገር ግን የብዙዎችን አንገት ስላስደፋው የአዋቂዎች የፊት ብጉር እናወጋለን።

ከወራት በፊት አንዲት የ29 ዓመት ሴት ለጨጓራ ሕመም ልትታከም ወደ ምርመራ ክፍሌ መጣች። ማዘዣዋን ተቀብላ ልትነሳ ስትል «ዶክተር፣ ለዚህስ መድኃኒት ይኖር ይሆን?» ብላ ያደረገችውን ማስክ አወረደች። አገጯና መንጋጋዋ በቀያይ እብጠቶችና በጥቋቁር ምልክቶች ተሸፍኗል፤ ጉንጯ ላይም ቀጫጭን ደም ሥሮች ጎልተው ይታያሉ። ቤተሰቦቿ ለዓመታት «ስታገቢ ይጠፋል» ሲሏት ኖረዋል። አግብታ የሦስት ዓመት ልጅ አላት፤ ብጉሩ ግን አልጠፋም። በመጨረሻ ጓደኛዋ የጠቆመቻትን ቅባት ያለ ሐኪም ማዘዣ ገዝታ ለስምንት ወራት ተቀብታዋለች። ከቦርሳዋ አውጥታ ስታሳየኝ ቅባቱ ቤታሜታዞን የተባለውን የስቴሮይድ መድኃኒት የያዘ ነበር።

ለመሆኑ ብጉር ምንድን ነው? በቆዳችን ውስጥ ወዝ የሚያመነጩ ጥቃቅን እጢዎች አሉ። ወዙ የሚወጣበት የፀጉር ቀዳዳ በሞቱ የቆዳ ሕዋሳት ሲደፈን ወዙ ከውስጥ ይጠራቀማል፤ ባክቴሪያ ይራባበታል፤ ሰውነትም ሲከላከል ቦታው ይቀላል፣ ያብጣል፣ መግል ይይዛል። ወዝ የሚመነጨው በሆርሞን ትእዛዝ ስለሆነ ብጉር ከንጽሕና ጉድለት የሚመጣ አይደለም። ጋብቻም አያድነውም።

ከ25 ዓመት በኋላ የሚታየው ብጉር በሴቶች ላይ ይበዛል። አብዛኛውን ጊዜ አገጭና መንጋጋ ላይ ይወጣል፤ የወር አበባ ሊመጣ ሲል ይብሳል። የወር አበባ ከተዛባ፣ አገጭ ላይ ጠንካራ ፀጉር ከበቀለ ወይም ክብደት ያለ ምክንያት ከጨመረ የሆርሞን መዛባት ሊኖር ስለሚችል ምርመራ ያስፈልጋል። የሦስት ወሩ የእርግዝና መከላከያ መርፌና በክንድ ሥር የሚቀበረው መከላከያም በአንዳንድ ሴቶች ላይ ብጉርን ያባብሳሉ። ከላይ ያነሳኋት ታካሚም የመርፌው ተጠቃሚ ነበረች። ይህ የእርስዎም ጉዳይ ከሆነ መከላከያውን በራስዎ ውሳኔ አያቋርጡ፤ ወደሚስማማዎት ሌላ ዘዴ ለመቀየር ባለሙያ ያማክሩ። ግንባር ላይ ብቻ ለሚወጣ ብጉር ደግሞ ፀጉር ላይ የሚቀባው ቅቤና ቅባት መንስኤ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው ስጋቴ ልምጣ። ቤታሜታዞን፣ ክሎቤታሶልና ሞሜታሶን የመሳሰሉ የስቴሮይድ ቅባቶች በሐኪም ሲታዘዙ ለሌሎች የቆዳ ሕመሞች ጠቃሚ ናቸው። ለብጉር ግን መድኃኒት አይደሉም። መቆጣትን ስለሚያፍኑ በመጀመሪያዎቹ ቀናት እብጠቱ ይቀንሳል፤ ፊትም ጠራ ይላል። ተጠቃሚውም «መድኃኒቴን አገኘሁ» ብሎ ይደሰታል። ሳምንታት ሲያልፉ ቆዳው ይሳሳል፤ ደም ሥሮች ይወጣሉ፤ ያልነበረ ፀጉር ይበቅላል፤ ስቴሮይዱ ራሱም ብጉር ያመጣል። ቅባቱ ሲቋረጥ ፊት ይቀላል፤ ያቃጥላል፤ ብጉሩም ከቀድሞው ይብሳል። ሰውየው ቅባቱ ይጠቅመው የነበረ ስለሚመስለው እንደገና ገዝቶ ይቀባል። ከዚህ አዙሪት መውጣት ብዙ ወራት ይፈጃል። በመሆኑም ይዘቱ ያልተጻፈበት፣ በብልቃጥ ተቀላቅሎ የሚሸጥ ወይም «ፊት ያጠራል» የተባለ ቅባት አይግዙ። ለወራት ተቀብተው ከሆነም ቅባቱን ይዘው ወደ ሐኪም ይሂዱ፤ አወጣጡም ክትትል ይፈልጋል።

ታዲያ የሚያድነው ምንድን ነው? ለቀላልና መካከለኛ ብጉር ሁለት ዓይነት ቅባቶች ዋነኞቹ ናቸው። አንደኛው ባክቴሪያን የሚገድለው ቤንዞይል ፐሮክሳይድ ነው። 2.5 በመቶ የሆነው ከ10 በመቶው ባልተናነሰ ይሠራል፤ ቆዳን የሚያስቆጣውም በመጠኑ ነው። ባለቀለም ፎጣና የትራስ ልብስ ስለሚያነጣ ይጠንቀቁ። ሁለተኛው የተደፈነውን ቀዳዳ የሚከፍቱት አዳፓሊን ወይም ትሬቲኖይን ናቸው። ማታ ፊት ታጥቦ ከደረቀ በኋላ የአንድ አተር ፍሬ የሚያህል ለመላው ፊት ይበቃል። ብጉሩ ላይ ብቻ ነጥብ ነጥብ አድርጎ መቀባት ስህተት ነው፤ አዲስ የሚወጣውን አይከላከልምና። መጀመሪያ ላይ ቆዳ መድረቁና መላላጡ የሚጠበቅ ስለሆነ አንድ ቀን እየዘለሉ ይጀምሩ።

እዚህ ላይ ትዕግሥት ያስፈልጋል። የመድኃኒቱ ውጤት በደንብ የሚታየው ከ8 እስከ 12 ሳምንታት ባለው ጊዜ ነው። በሁለተኛው ሳምንት «አልሠራልኝም» ብሎ ቅባት መቀያየር ብዙዎችን ለከንቱ ወጪ ዳርጓል።

ብጉሩ ከበረታ ሐኪሙ ዶክሲሳይክሊን የመሰለ የሚዋጥ ፀረ ባክቴሪያ ከቅባቱ ጋር ለሦስት ወራት ያህል ሊያዝ ይችላል። ይህን መድኃኒት ብቻውን ወይም ያለ ገደብ መውሰድ ባክቴሪያው መድኃኒቱን እንዲለማመድ ያደርገዋል። ጠባሳ ለሚተው ከባድ ብጉር አይሶትሬቲኖይን የተባለ እንክብል አለ፤ በፅንስ ላይ ከባድ ጉዳት ስለሚያደርስ ግን ያለ ስፔሻሊስት ክትትል ፈጽሞ አይወሰድም። ነፍሰ ጡር ከሆኑ ወይም ለማርገዝ ካሰቡ አዳፓሊንና ትሬቲኖይንንም አይጠቀሙ፤ ለሐኪምዎ አስቀድመው ይንገሩ። ለእርስዎ የሚስማሙ ሌሎች አማራጮች አሉና።

በቤትዎ ፊትዎን ጠዋትና ማታ በለብታ ውኃና በለስላሳ ሳሙና ይታጠቡ። በሻካራ ጨርቅ ማሸት፣ ሎሚ መቀባትና የጥርስ ሳሙና መለጠፍ ቆዳን ያቆስላል እንጂ አያክምም። ብጉርን አያፍርጡ፤ ጠባሳና ጥቁር ምልክት የሚተወው በአብዛኛው ይህ ነው። በጥቁር ቆዳ ላይ ምልክቱ ለወራት ስለሚቆይ፣ ፀሐይም ስለሚያጠቁረው ጃንጥላና ባርኔጣ ይያዙ፤ አቅም ከፈቀደ የፀሐይ መከላከያ ክሬም ይቀቡ። ስለ ምግብ የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸው። በርበሬና ቅባት ያለው ወጥ ብጉር እንደሚያመጣ አሳማኝ ማስረጃ የለም። ስኳር የበዛባቸውን መጠጦችና ጣፋጮች መቀነስ ግን ሳይረዳ አይቀርም።

ብጉሩ በጥልቀት እያበጠ የሚያም ከሆነ፣ ጠባሳ መተው ከጀመረ ወይም በሦስት ወር ሕክምና ካልተሻለ በአቅራቢያዎ ካለው ጤና ተቋም ወደ ቆዳ ሐኪም እንዲላኩ ይጠይቁ። አዲስ አበባ የሚገኘው አለርትና ደሴ አቅራቢያ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የቆዳ ሕክምና ከሚሰጡ የመንግሥት ተቋማት መካከል ናቸው። በብጉር ምክንያት ከሰው መሸሽና ከሥራ መቅረት ከጀመሩ ይህንንም ሳያፍሩ ለሐኪምዎ ይንገሩ። እኛ ሐኪሞችም ሰው ለሌላ ሕመም መጥቶ ፊቱን ሲሸፍን ብንጠይቀው መልካም ነው። ያቺ ታካሚ ማስኳን ባታወርድ ኖሮ እኔም የጨጓራ መድኃኒት ጽፌ እሸኛት ነበር።

በአራተኛው ወር ለክትትል ስትመጣ ጥቁር ምልክቶቹ ገና አልጠፉም ነበር። አዲስ ብጉር ካየች ግን ስድስት ሳምንት አልፏታል። በዚያን ቀን ማስክ አላደረገችም።

ቸር እንሰንብት።