የኮምባይነር ፍጥነትና ማሳ ላይ የሚቀረው ስንዴ

የመኸር ስንዴ በደረሰ ቁጥር ከየቀበሌው ቀድሞ የሚነሳው ጥያቄ የኮምባይነር እጥረት ነው። ማሽኑ ማሳ ውስጥ ከገባ በኋላ ግን እንዴት እያጨደ እንደሆነ የሚጠይቅ ብዙም አይታይም። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ የግብርና መሣሪያዎች ከቀረጥ ነጻ እንዲገቡ መፈቀዱና የኩታ ገጠም እርሻ መስፋፋቱ ለማሽን አጨዳ መንገድ ከፍተዋል። አጨዳው ራሱ የሚያባክነው እህል ግን ገና በቂ ትኩረት አላገኘም። ለብክነቱ አንዱ ዋና ምክንያት ደግሞ ፍጥነት ነው።

ስንዴውን ወደ ቢላዋው እየሳበ የሚያቀርበው ተሽከርካሪ ክፍል ከማሽኑ ጉዞ ጥቂት ፈጠን ብሎ መዞር አለበት። ማሽኑ ሲቀድመው አገዳው ወደ ፊት ይገፋል፤ አንዳንዱ ዛላ ሳይቆረጥ ይታለፋል፣ አንዳንዱም ተቆርጦ መሬት ላይ ይወድቃል። በውስጥ በኩልም መውቂያው ከአቅሙ በላይ ሲጎርስ ፍሬው ከገለባው ሳይለይ በኋላ በኩል ይወጣል። ጤዛው ሳይደርቅ በማለዳ ሲታጨድ ይህ ይብሳል። ከልክ በላይ መንቀርፈፍም ቢሆን ጥሩ አይደለም፤ መውቂያው በቂ ሰብል ካልገባለት ፍሬውን ይሰባብራል።

በበሬ የታረሰ ማሳ ትልም፣ የውሃ መውረጃ ቦይና ድንጋይ አያጣም። ኦፕሬተሩን ከመቀመጫው የሚያነጥረው ጉድጓድ ቢላዋውንም ያነጥረዋል። ፍጥነቱ በጨመረ ቁጥር ቢላዋው አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ እያለ ያጭዳል፤ አጫጭር ዛላዎች ቆመው ይቀራሉ። ከማለዳ እስከ ምሽት ወገቡ ሲናጥ የሚውል ኦፕሬተር ደግሞ ፍጥነቱን ከመቀነስ ይልቅ ቢላዋውን ከፍ አድርጎ መሄድን ይመርጣል። ድንጋይ ቢላዋውን ከሰበረው መለዋወጫው በቅርብ ስለማይገኝ ስጋቱ ተገቢ ነው። ሆኖም ቢላዋው ከፍ ባለ መጠን ብዙ አገዳ ማሳው ላይ ቆሞ ይቀራል፤ ለከብት የሚሰበሰበው ገለባ ያንሳል። በሬ ላለው ቤተሰብ ይህ ቀላል ኪሳራ አይደለም።

ኦፕሬተሩ ለምን አይቀንስም የሚለው ጥያቄ ወደ ኪራዩ ይመራል። በብዙ አካባቢ ክፍያው የሚታሰበው ጆንያ ውስጥ በገባው ኩንታል ነው። ሲታይ ፍትሐዊ ይመስላል። ነገር ግን በሄክታር 2 ኩንታል መሬት ላይ ቢቀር ባለማሽኑ የሚያጣው የ2 ኩንታል ኪራይ ብቻ ነው፤ አርሶ አደሩ ግን እህሉን ያጣል። ባለማሽኑ ፈጥኖ ወደ ቀጣዩ ማሳ ቢሻገር ያጣትን ኪራይ እዚያ ይተካታል። ወረፋ የሚጠብቁ አርሶ አደሮችም «ቶሎ በል» ማለታቸው አልቀረም፤ ጥፋቱን በኦፕሬተሩ ላይ ብቻ መጣል ስለዚህ አግባብ አይሆንም።

ፍጥነቱን ለማወቅ ልዩ መሣሪያ አያስፈልግም። ማሳው ዳር 20 ሜትር ለክቶ ሁለት እንጨት መትከልና ሰዓት መያዝ ይበቃል። ማሽኑ 20 ሜትሩን በ18 ሰከንድ ከጨረሰ በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር፣ በ9 ሰከንድ ከጨረሰ 8 ኪሎ ሜትር እየሄደ ነው። ለስንዴ በአብዛኛው የሚመከረው ከ3 እስከ 6 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ ሰብሉ በጣም ሲበዛ ወይም ማሳው ሲጎረብጥ ወደ ታችኛው መጠጋት ይሻላል። በእግሩ የሚራመድ ሰው በሰዓት ወደ 5 ኪሎ ሜትር ስለሚሄድ፣ ከጎኑ የሚራመደው አርሶ አደር መሮጥ ካስፈለገው ማሽኑ ከልክ አልፏል።

ብክነቱም ይቆጠራል። ማሽኑ ካለፈበት ስፋት ከዳር እስከ ዳር አራት አምስት ቦታ 1 ካሬ ሜትር እየለኩ፣ ገለባውን አንስቶ የወደቀውን ፍሬ መቁጠርና አማካዩን መውሰድ ነው። 1,000 ፍሬ 40 ግራም የሚመዝን ስንዴ ከሆነ፣ በካሬ ሜትር 250 ፍሬ ማለት በሄክታር 1 ኩንታል ማለት ነው። ከማሽኑ በፊት በራሱ የረገፈውን ገና ባልታጨደው በኩል ቆጥሮ መቀነስ ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ኦፕሬተሩ ባላጠፋው ይወቀሳል።

የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች ማሽን ሲያስገቡ የኪራዩን ዋጋ ብቻ መደራደራቸው አይበቃም። ማሽኑ የመጀመሪያውን 50 ሜትር አጭዶ እንዲቆምና የቀበሌው ባለሙያ ከአርሶ አደሩ ጋር ቆጥሮ እንዲያስቀጥል ውሉ ውስጥ ቢገባ የሚወስደው ጊዜ ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም። ዝናብ ባረገዘ ሰማይ ስር ግን ይህ ስሌት ይለወጣል፤ ያኔ ጥቂት ፍሬ አፍስሶ ቀሪውን ማዳን ይሻላል። አርሶ አደሩም ማሽኑ ከመድረሱ በፊት ድንጋይ መልቀም፣ ያልተነሳው ላይ ምልክት ያለው እንጨት መትከልና ቦይ የሚያልፍበትን ለኦፕሬተሩ ማሳየት ይችላል፤ ያኔ ቢላዋውን ዝቅ አድርጎ ለማጨድ የሚፈራበት ምክንያት ይቀንሳል።