ከረጢቱ የማይነግረን፦ የከሰል ብሪኬት ምንጭና የስዊዘርላንድ ሕግ

ኦገስት 1 ቀን የስዊዘርላንድ ብሔራዊ በዓል ነው። በዚያ ምሽት በዙሪክም ሆነ በጄኔቫ ሐይቅ ዳርቻ ሲኬድ የከሰል ጢስ የማይሸትበት ሥፍራ ማግኘት ያስቸግራል። ስዊዞቹ ሰርቬላ የሚሉትን ቋሊማቸውን ሲያገላብጡ፣ እኛም በአዋዜ የታሸ ሥጋችንን ይዘን ከጎናቸው እንቀመጣለን። ዘንድሮም እንደ ልማዱ ከበዓሉ ቀደም ብሎ ከወዳጆች የሚቀርበው ጥያቄ አንድ ነው፦ የትኛውን ከሰል እንግዛ? ጥያቄው የቤት ጉዳይ ይመስላል፤ ሆኖም በቂ መልስ ለመስጠት ስሞክር መደብሩ ውስጥ ያለው መረጃ ግማሽ መንገድ ላይ ያልቅብኛል። የቀረው ግማሽ የሕግ አውጪው ሥራ ነው።

መረጃው የሚበቃበትን እናስቀድም። ብሪኬት የከሰል ድቃቂና ብናኝ በስታርች ተለውሶ፣ በማሽን ተጨምቆ የሚሠራ ነዳጅ ነው። ኢኤን 1860-2 የተባለው የአውሮፓ ደረጃ ለግሪል የሚሸጥ ተራ ከሰል ቢያንስ 75 በመቶ፣ ብሪኬት ደግሞ ቢያንስ 60 በመቶ ቋሚ ካርቦን እንዲኖረው ያዛል። አመዱ ለከሰል ከ8 በመቶ፣ ለብሪኬት ከ18 በመቶ እንዳይበልጥም ይጠይቃል። ከእነዚህ ቁጥሮች የገበያው ምክር ሁሉ ይመነጫል። ተራው ከሰል ፈጥኖ ይያያዛል፣ ኃይለኛ ሙቀት ይሰጣል፣ ፈጥኖም ያልቃል፤ ስለዚህ በሩብ ሰዓት ለሚበስል ጥብስ ይመረጣል። ብሪኬቱ ዘግይቶ ይያያዛል፣ ከዚያ በኋላ ግን ለሰዓታት ሳይዋዥቅ ይነድዳል፤ ክዳን ባለው የጢስ ማብሰያ ትልቅ ሥጋ ከጧት እስከ ማታ ለሚያበስል ሰው ከእርሱ የተሻለ የለም። ቶሎ እንዲያያዝ ኬሚካል የተነከረውን ለጢስ ማብሰያ መግዛት ስሕተት ነው፤ ጥቂት ፍም በላዩ ጨምሮ ሌላው ቀስ በቀስ እንዲያያዝ በሚደረግበት ዘዴ የኬሚካሉ ሽታ ሥጋው ላይ ይቀራል። የደረጃው ምልክት የሌለበትን ከረጢት መተውም ብልህነት ነው፤ ብናኝ ውስጥ የድንጋይ ከሰል ተቀላቅሎ ቢገኝ በዓይን አይለይምና።

ይህ ሁሉ ከሰሉ እንዴት እንደሚነድድ ይነግረናል። ከምን እንደተሠራ፣ ዛፉ ከየት እንደተቆረጠ ደረጃው አይመልስም። ከኮኮናት ቅርፊት ወይም ከወይራ ፍሬ ጭማቂ ተረፈ ምርት የተሠራ ብሪኬት አምራቹ ራሱ ለማስታወቂያ ሲል በደማቅ ፊደል ይጽፈዋል። እንጨት ሲሆን ግን ጽሑፉ ይደበዝዛል። በ2020 አይኤደብሊውኤ ጆርናል በተባለው የእንጨት ሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት ከ11 የአውሮፓ አገሮች የተሰበሰቡ 150 የከሰል ናሙናዎችን መርምሮ ነበር። ከተመረመረው እንጨት ግማሽ የሚጠጋው ከሐሩራማና ከከፊል ሐሩራማ አካባቢዎች የመጣ ሆኖ ተገኝቷል። ምርመራው የሚቻለው እንጨት ከሰለም በኋላ የሕዋሳቱ ቅርጽ ስለሚቀር ነው፤ ባለሙያው ፍሙን ሰብሮ በማይክሮስኮፕ ሲያየው የዛፉን ዝርያ እንደ ጣት አሻራ ያነበዋል። ብሪኬት ግን የተፈጨና የተደባለቀ ስለሆነ ይህን ንባብ እጅግ ያከብደዋል። እንግዲህ ከሁሉም በላይ የጽሑፍ ማስረጃ የሚያስፈልገው ምርት ብሪኬት ነው።

ሕጉ እስካሁን በተቃራኒው አቅጣጫ ሲሄድ ቆይቷል። ከማርች 2013 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የአውሮፓ ኅብረት የእንጨት ሕግ ሣንቃውንም ወረቀቱንም ሲዘረዝር፣ በጉምሩክ ምድብ 4402 የሚታወቀውን ከሰል ከዝርዝሩ ውጭ አድርጎት ነበር። ሣንቃ ሆኖ ሲገባ የሚጠየቅ ግንድ ከሰል ሆኖ ሲገባ አይጠየቅም ማለት ነው። ኅብረቱ ይህን ክፍተት የዘጋው በ2023 ባወጣው የደን ጭፍጨፋ መከላከያ ሕግ ነው፤ እርሱም ተፈጻሚ የሚሆንበት ቀን ደጋግሞ ተላልፏል። ስዊዘርላንድ በበኩሏ ከ2010 ጀምሮ የእንጨት ዝርያና የትውልድ አገር ለሸማቹ እንዲገለጽ የሚያስገድድ ደንብ አላት። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ደግሞ የእንጨት ንግድ ደንቧ ነጋዴውን የጥንቃቄ ግዴታ አሸክሞታል። ይህ ሁለተኛው ደንብ የተቀረጸው ከ2013ቱ የኅብረቱ ሕግ ጋር እንዲመጣጠን ታስቦ ነው። አቻው ሲለወጥ እርሱም መከለስ ይኖርበታል፤ በክለሳው ወቅት ምድብ 4402 ብሪኬትን ጨምሮ በስሙ ተጠቅሶ እንዲገባ መጠየቅ የእኛ ድርሻ ነው።

ለምን የእኛ? የኢትዮጵያ ከሰል በዙሪክ መደብር ይሸጣል ለማለት አይደለም። ጉዳዩን ከብዙዎቹ የበርን አማካሪዎች ይልቅ የምናውቀው እኛ ስለሆንን ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ሐዋሳ የተጓዘ ሁሉ በመንገድ ዳር የተደረደረውን የከሰል ማዳበሪያ አይቷል፤ የአብያታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክ ግራር እንዴት እንደመነመነም ያስታውሳል። በአንጻሩ በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ፋግታ ለኮማ ወረዳ፣ ገበሬው ዲከረንስ የተባለውን ግራር በራሱ ማሳ ይተክላል። በመጀመሪያው ዓመት በችግኙ መካከል ጤፍ ይዘራል፣ ቀጥሎ ሣሩን ለከብቱ ያጭዳል፣ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ዛፉን ቆርጦ ያከስላል፤ ከዚያም እንደገና ይተክላል። አሲዳማነት ባጠቃው በዚያ መሬት እህል ብቻ ዘርቶ የማያገኘውን ገቢ ከከሰል አግኝቷል፤ የወረዳው የደን ሽፋንም ከሰል እየተመረተ ጨምሯል። በቅርብ ዓመታት የቅጠል በሽታ ተክሉን ክፉኛ ጎድቶታል። የአንድ ዝርያ ጥገኝነት ያመጣው ጣጣ ስለሆነ ሞዴሉን ያለ ነቀፋ አላወድሰውም፤ ሆኖም ከሰል ሁሉ የደን ጠላት ነው የሚለውን አባባል ፉርሽ ለማድረግ ፋግታ ለኮማ ይበቃል።

አፋር ደግሞ ሦስተኛውን ትምህርት ይሰጠናል። ፕሮሶፒስ የተባለው መጤ ዛፍ የአርብቶ አደሩን የግጦሽ መሬት በመውረሩ፣ ቆርጦ ማክሰሉ እንደ መከላከያ ዘዴ ተፈቅዶ ነበር። ሐሳቡ መልካም ነበር። ችግሩ ማዳበሪያው ከታሰረ በኋላ የመጤው ዛፍ ከሰልና የአገር በቀሉ ግራር ከሰል በዓይን የማይለዩ መሆናቸው ነው፤ በፈቃዱ ሽፋን ግራሩም አብሮ ተቆረጠ። ማስረጃ በሌለበት ገበያ የደጉና የክፉው ዋጋ አንድ ነው፤ ተክሎ የሚያከስለው ሰው ከተፈጥሮ ደን ላይ በነጻ ከሚቆርጠው ጋር ይወዳደራል፣ ይሸነፋልም።

ስዊዘርላንድ ይህን የማታውቅ አገር አይደለችም። በሉሰርን ካንቶን፣ በኤንትሌቡኽ ሸለቆ በምትገኘው የሮሞስ መንደር ዛሬም እንጨት ከምረው፣ በቅጠልና በአፈር ከድነው፣ ቀን ከሌት እየጠበቁ የሚያከስሉ ገበሬዎች አሉ። ቁልሉን ያየ የአዊ ሰው ያለ አስተርጓሚ ይግባባቸዋል። የሮሞስ ከሰል ግን በመንደሩ ስም ይሸጣል፤ ስሙም ዋጋ ያወጣል። የምንጠይቀው ይኸው ወግ ከሩቅ ለሚመጣውም እንዲደርስ ነው፦ የዛፉ ዝርያ፣ የተቆረጠበት አገርና አካባቢ፣ ብሪኬት ከሆነም የማጣበቂያውና የሌላው ድብልቅ ዓይነት በከረጢቱ ላይ ይጻፍ።

እዚህ ላይ አንድ ስጋት አለኝ፤ ለአጋሮቻችንም ደጋግሜ ያነሣሁት ነው። የጥንቃቄ ግዴታ በሰነድ ብዛት ብቻ የሚለካ ከሆነ፣ ትልቁ አስመጪ ጠበቃ ቀጥሮ ያልፈዋል፣ ግማሽ ሄክታር ያለው ገበሬ ግን በሩ ላይ ይቀራል። ከዚያም ገዢው በቀላሉ «ከአፍሪካ አንገዛም» ይላል። የናሚቢያ አምራቾች የግጦሽ መሬት የወረረውን ቁጥቋጦ እየመነጠሩ፣ ከፊሉንም በኤፍኤስሲ እያስመሰከሩ ወደ አውሮፓ መላካቸው መንገዱ እንዳልተዘጋ ያሳያል። ስለዚህ ደንቡ በኅብረት ሥራ ማኅበር ደረጃ የሚሰጥ የጋራ ማስረጃን እንዲቀበል በጽሑፍ ይደንግግ፤ ለአስፈጻሚው በጎ ፈቃድ የሚተው ነገር አይደለም።

ከረጢቱ ላይ ሌላም የጎደለ አለ፤ ይህኛው ሕይወት የሚያስከፍል ነው። ለግሪል የተገዛው ብሪኬት በጋው ሲያልፍ ጓዳ ውስጥ ይቀራል፤ ክረምት ሲገባም የቡና ማንደጃ ላይ ይወጣል። ጢስ የለውም፣ ሽታውም ዝቅተኛ ነው፤ ዕጣኑ ደግሞ የቀረውን ይሸፍናል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ሽታም ቀለምም የለውም፤ ለስድስት ሰዓት እንዲነድድ የተሠራ ብሪኬትም ቡናው በረካ ላይ ሲደርስ አያበቃም። የአዲስ አበባ የእሳትና አደጋ ሥጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን በበዓላት ዋዜማ ከሰል አንድዶ ቤት ዘግቶ መተኛት እንደሚገድል ያስጠነቅቃል። የጄኔቫና የዙሪክ አፓርታማ መስኮት ደግሞ ብርድ እንዳያስገባ ተብሎ የተገጠመ ስለሆነ፣ በግድግዳውና በበሩ ስንጥቅ ነፋስ ከሚገባበት የአገር ቤት ክፍል ይበልጥ አደገኛ ነው። በጀርመንኛ፣ በፈረንሳይኛና በጣልያንኛ በደቃቅ ፊደል የሰፈረ ማስጠንቀቂያ ለአዲስ መጪዋ እናት ምንም አይነግራትም። ቋንቋ የማይጠይቅ፣ ቤትና በላዩ የተሰረዘ ፍም የሚያሳይ ትልቅ ሥዕል በከረጢቱ ፊት ለፊት እንዲታተም መጠየቅ ይገባል። ማኅበራትም ምክር ቤቱን ሳይጠብቁ መልእክቱን በአማርኛ፣ በትግርኛና በኦሮምኛ ማሰራጨት ይችላሉ፦ ማንደጃ በረንዳ ላይ፣ ቤት ውስጥ የኤሌክትሪክ ምድጃ። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከመጣ ወዲያው ከቤት ወጥቶ 144 መደወል ነው።

ለምክር ቤት አባላት ረዳቶች፦ የሕግ መሠረቱ አለ። በ2019 የተሻሻለው የአካባቢ ጥበቃ ሕግ አንቀጽ 35ሠ (በጀርመንኛው 35ኢ) ምርታቸው አካባቢን በከፍተኛ ደረጃ የሚጎዳ ዕቃዎችን በተመለከተ ፌዴራላዊው መንግሥት ለገበያ ማቅረቢያ መስፈርት እንዲያወጣ ይፈቅድለታል። አዲስ ሕግ መርቀቅ አይኖርበትም፤ ከሰልን በስም የሚጠቅስ፣ ብሪኬትን ከነድብልቁ የሚያካትት አንድ ሞሽን ይበቃል። ማስጠንቀቂያ ሥዕሉን የሚመለከተው ጥያቄ ለብቻው ይቅረብ፤ ከንግዱ ክርክር ጋር ተቆራኝቶ አብሮ እንዲዘገይ አንፈልግም።