ክራርህን ስትቃኝ

አንባቢ ሆይ፤ የጊታር ወይም የኡኩሌሌ ተጫዋች አንድ ጊዜ ከቃኘ በኋላ ክሩን አንገቱ ላይ በጣቱ እየተጫነ የፈለገውን ድምፅ ያወጣል። ክራራችን ግን ጣት የሚያርፍበት አንገት የለውም። ክሩ የሚሰጥህ የተቃኘበትን ድምፅ ብቻ ስለሆነ፥ ዜማውን የሚወስነው ቅኝቱ ነው።

ትዝታን በዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ቃኝና ሚንና ላን ብቻ በግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርግ። የነካኸው ሁለት ክር ነው፤ ነገር ግን ያው ትዝታ ወደ ሐዘን ይዞራል። (ስድስተኛው ክር ዶን ስለሚደግም እርሱን አትንካው።) ባቲና አምባሰል ሌላ መንገድ አላቸው፤ ስማቸው የወሎ አገር ስም ነውና፥ ዋግም ቀድሞ የወሎ አውራጃ ስለ ነበረች፥ ለሰቆጣ ልጅ እንግዳ አይደሉም።

ዛሬ በሰቆጣ ተማሪዎች ክራራቸውን በስልክ ሲቃኙ አያለሁ። አልነቅፍም፤ በድምፅና በድምፅ መካከል ያለውን ርቀት በትክክል ያስተምራል። ዳሩ ግን ስልኩ ዶን ለሁሉም ሰው አንድ ያደርገዋል። ባለፈው ወር አንዲት መልካም ድምፅ ያላት ተማሪ ከፍታው በዝቶባት መካከል ላይ ዝም አለች፤ ጓደኞቿ ክሮቹን ላላ ባደረጉላት ጊዜ እስከ መጨረሻው ዘፈነች። ስለዚህ አስቀድመህ ዘፋኙን አዘፍን፤ ዶህን ከእርሱ ጉሮሮ ውሰድ፤ የቀሩትን ድምፆች ከዚያ ተነሥተህ በጆሮህ ፈልግ።